በዛብህ ያናድደኛል ማለት ነውር ነው እንዴ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከባሕር ዳር ነው። የላከችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የምታጠናው ሥነ ጽሑፍ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን አንብባችሁ የገጸ ባሕርያቱንና የጭብጡን ትንተና ጽፋችሁ አምጡ ተባልን። ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ። ከ30 ያገኘሁት 12 ነው። መምህሩ ጫፉ ላይ ‹ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ አንቺ ምን ትያለሽ?› ብሎ ጽፎበታል። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ከምር ነው የምወደው፣ መጨረሻው ላይ አልቅሻለሁ። ከክፍላችን ሙሉውን ያነበብነው ብዙ አይደለንም፤ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ማጠቃለያ አይተው የጻፉት ግን ከእኔ የተሻለ አገኙ። በአንድ ሳምንት አስተካክለሽ አምጪ ተብያለሁ። ምኑን ላስተካክል? ደግሞ አይፍረዱብኝና፣ እውነቱን ለመናገር በዛብህ ያናድደኛል። ሰብለ ያን ሁሉ ስትሆን እሱ ምን አደረገ? ይህን ለጓደኞቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። ‹በሐዲስ ዓለማየሁ ላይ ልትፈርጂ ነው?› አሉኝ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም። ግራ የገባት፣ ከባሕር ዳር።»

እህቴ፣ ወረቀትሽን ከደብዳቤው ጋር አያይዘሽ መላክሽ ጥሩ ሆነ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አማርኛሽ ያምራል። መጽሐፉንም በእርግጥ አንብበሻል፣ ያስታውቃል። ግን መምህሩ ልክ ነው፤ ቅር አይበልሽ።

ከዘጠኙ ገጽ ስድስቱ ታሪኩ ራሱ ነው። በዛብህ ማንኩሳ ተወለደ፣ ወላጆቹ ተሳሉ፣ ቤተ ክህነት ገባ፣ ዲማ ሄደ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለን ሊያስተምር ተጠራ፣ ተዋደዱ፣ ሸሸ፣ ሞተ፣ እሷም መነኮሰች። መምህሩ ይህን መጽሐፍ ለስንት ክፍል እንዳስተማረ አስቢው እስቲ። ከዚያ «ገጸ ባሕርያት» የሚል ርእስ ይመጣል። «ሰብለ ወንጌል ቆንጆ፣ ጨዋ፣ ታማኝና ቆራጥ ናት።» ፊታውራሪ ኩሩ ናቸው። ጉዱ ካሳ አስተዋይ ነው። ይሄ የቀበሌ መታወቂያ ነው የሚመስለው። ሰውየው ምን እንደሚፈልግ፣ የፈለገውን ሲከለከል ምን እንደሚያደርግ፣ ያደረገው ነገር ምን እንዳስከፈለው የሚናገር አንድ መስመር የለውም። ጭብጡ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ደክሞሽ ነበር መሰለኝ፣ «የመጽሐፉ ጭብጥ ፍቅር ነው፤ ሌላው ጭብጥ የፊውዳሉ ሥርዓት ግፍ ነው» ብለሽ በሁለት መስመር ዘጋሽው። ፍቅር ምኑ? መጽሐፉ ስለ ፍቅር ምን አለ? ሽፋኑን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያህል ያውቃል እኮ።

የቴሌግራሞቹን ነገር ተያቸው። ያበሳጫል፣ ግን የእነሱ ነጥብ ላንቺ ወረቀት ምንም አይጨምርም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ዘጠኝ ገጽ ሙሉ ያላልሽውን ነገር ለእኔ በአንድ መስመር ነገርሽኝ። «በዛብህ ያናድደኛል። ሰብለ ያን ሁሉ ስትሆን እሱ ምን አደረገ?» መምህሩ «አንቺ ምን ትያለሽ» ሲል የጠየቀሽ ይህንኑ ነው። ትንተናሽ እዚህ ጋ ተቀምጧል፤ አንቺ ደግሞ አፍረሽበት ደበቅሽው።

እርግጥ መናደድ ብቻውን ወረቀት አይሆንም። «በዛብህ ፈሪ ነው» ብለሽ ብትጽፊ ከመታወቂያው ብዙም አልራቅሽም፤ ታማኝ የሚለውን በፈሪ መቀየር ነው የሚሆነው። ጥያቄሽን ይዘሽ ወደ መጽሐፉ ተመለሺ። በዛብህ ምን አደረገ? ከልጅነቱ ጀምሪና በእሱ ላይ የተደረገውንና እሱ ያደረገውን ለየብቻ ጻፊው። ሊሰጡት ተሳሉ። ተማሪ ቤት ላኩት። ፊታውራሪ ልጃቸውን እንዲያስተምር አስጠሩት። የመጀመሪያው ጎን ቶሎ ይሞላል። ሁለተኛው ጎን ላይ ቅኔው አለ፣ ያ ያማረ ድምፁ አለ፣ መውደዱ አለ፣ ሽሽቱ አለ። ሽሽቱም ቢሆን ተገዶ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ለምን?» ማለት አለብሽ። መልሱ ያለው ደግሞ አንቺ በግማሽ መስመር ያለፍሽው ቦታ ላይ ነው፤ ስለቱ ላይ።

መጽሐፉ ከሰብለ አይጀምርም፣ ልብ ብለሻል? ማንኩሳ ላይ ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው የሚጀምረው። ብዙ አንባቢ ይህን ክፍል «ቶሎ ወደ ፍቅሩ ልግባ» እያለ ይሮጥበታል። ሐዲስ ግን ገጽ ሊሞሉ አልጻፉትም። ሁለት ድሆች፣ ደግ ሰዎች፣ አንድ ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ብለው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ይሳላሉ። ማንም አይፈርድባቸውም። እኔም አልፈርድባቸውም፤ የእኛ አገር ወላጅ ያላደረገው ነገር አይደለም። ግን ነገሩን ከልጁ በኩል እዪው። ገና ምንም ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን ሰጡበት። ማግባት የለም፣ ቤት መሥራት የለም፤ የተስማማው ሌላ፣ ከፋዩ እሱ። በኋላ ሰብለን ሲወድ የሚያስጨንቀው የፊታውራሪ ጠመንጃ ብቻ አይደለም። የአባትና የእናቱ ቃል አለበት፣ በቃሉ ላይ ደግሞ እግዚአብሔር አለበት። ይህን የሚያህል ጭነት ተሸክሞ የሚያመነታን ሰው ዝም ብሎ ፈሪ ማለት ይቀላል።

አሁን ፊታውራሪ መሸሻን አምጪና ከእነቦጋለ አጠገብ አስቀምጪያቸው። የሰብለ አባት ባላባት ናቸው፣ ኩሩ ናቸው፣ ጥጋበኛም ናቸው፤ ከቦጋለ ጋር ምን ያገናኛቸዋል? እሳቸውም ልጃቸውን ለአንድ ነገር አስቀምጠዋታል። ለዘር። አቻ ዘር ያለው ባል እስኪመጣ ድረስ የመጣውን ሁሉ እየመለሱ የልጅቷ ዕድሜ ሄደ። አንደኛው ወላጅ ከፍቅርና ከፍርሃት፣ ሌላው ከኩራት፣ ሁለቱም ግን የልጃቸውን ሕይወት የራሳቸውን ዕዳ ወይም የራሳቸውን ክብር ሊከፍሉበት አዋሉት። በመጽሐፉ ውስጥ የሚገናኙት እንግዲህ የደሃ ልጅና የባላባት ልጅ ብቻ አይደሉም። ሁለት የተሰጡ ልጆች ናቸው። ይህን ካየሽ «የፊውዳሉ ሥርዓት ግፍ» የምትለዋ ደረቅ ሐረግ ትቀየራለች። ምክንያቱም ግፉ የሚወርደው ከላይ፣ ከባላባቱ ቤት ብቻ አይደለም፤ ማንኩሳ ባለችው ደሃ ጎጆ ውስጥም፣ በጸሎትና በእንባ ታጅቦ፣ ያው ነገር ይደረጋል።

ደግሞ በሩን ማን ከፈተው? ፊታውራሪ ራሳቸው። ሰብለ እንድትማር ብለው መምህሩን ያስመጡት እሳቸው ናቸው። መምህሩን ከሰው አልቆጠሩትም ማለት ነው። በእሳቸው ሚዛን አንድ የቆሎ ተማሪ ወንድ ሆኖ በልጃቸው ዓይን ይገባል ብሎ ማሰብ ራሱ የማይመስል ነገር ነው። «ፊታውራሪ ኩሩ ናቸው» ከማለት ይህን አንድ ውሳኔ ብትተነትኚው ኩራታቸው እንዴት እንዳሳወራቸው ይታያል፤ ኩሩ የሚለውን ቃል መጻፍም ላያስፈልግሽ ይችላል።

አሁን ወደምትወጃት ሰብለ እንምጣ። እኔን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚገርመኝ ነገር እዚህ ነው ያለው፣ አንቺም ወረቀትሽ ላይ አንስተሽዋል፣ ግን እንደ ክስተት ብቻ ነው ያለፍሽው። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ ምን ለብሳ ነው የወጣችው? የመነኩሴ ልብስ። እሱን ከቀበረች በኋላስ ምን ሆነች? መነኮሰች። እስቲ ቆም በይና አስቢው። ለእግዚአብሔር የተሰጠው እሱ ነበር። ማግባት የተከለከለው፣ ሕይወቱ ለቤተ ክርስቲያን የተባለው እሱ ነበር። ቆቡን የደፋችው ግን እሷ ናት። መጀመሪያ ማምለጫ አደረገችው፣ በኋላ ኑሮዋ ሆነ። በእሱ ላይ የተገባው ቃል በእሷ ተከፈለ ማለት ይቻላል። ያውም ማንም ሳያዛት፣ በራሷ ምርጫ። «ሰብለ ያን ሁሉ ስትሆን እሱ ምን አደረገ?» ብለሽ የጠየቅሽው ጥያቄ ሄዶ ሄዶ እዚህ ነው የሚያርፈው። ከሁለቱ የተሰጡ ልጆች አንዷ ራሷን ከሰጧት እጅ ነጥቃ ወሰደች፣ ሌላው ሳይችል ቀረ። ለምን እሷ ቻለች? ለምን እሱ አልቻለም? ሁለት ገጽ እዚህ ላይ ብታጠፊ አይቆጭሽም።

ለመልሱ ግን ተጠንቀቂ። ሰብለ ቆራጥ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሰብለ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ብትያዝ ትሰደባለች፣ ይቆለፍባታል፣ ትዳራለች። በዛብህ ቢያዝ ማን ይጠይቅለታል? የማንኩሳ ገበሬ ልጅ ነው። ድፍረትም እንደ መሬቱ እኩል አልተከፋፈለም። በዛብህን ልትከሺው ከፈለግሽ ክሰሺው፣ መብትሽ ነው፣ ግን ጠበቃም አቁሚለት። መምህርሽ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው፤ ቀድመሽ ጽፈሽው ከተገኘሽ ደስ ይለዋል። በነገራችን ላይ እኔ ራሴ በዛብህ ላይ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር አይደለሁም። ያሳዝነኛል ከማናደዱ ይልቅ። ግን አንቺ የእኔን እንድትጽፊ አልፈልግም።

ስለ ጉዱ ካሳ የጻፍሽውን ሙሉውን አውጪው። «ጉዱ ካሳ የደራሲው አፈ ቀላጤ ነው» ብለሻል። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ወረቀት ላይ እንዳየሁት! ችግሩ ሐሰት መሆኑ ላይ አይደለም፣ ነገሩን መዝጋቱ ላይ ነው። አፈ ቀላጤ ካልሽው በኋላ ሰውየውን መመልከት ታቆሚያለሽ። እዪው እንጂ። የተማረ ነው፣ ቅኔ ያውቃል፣ ሥርዓቱ ከላይ እስከ ታች እንዴት እንደተደራረበና ለምን እንደማይቆም ከማንም በላይ ያስረዳል። የዚያው የባላባቱ ቤት ዘመድ ነው፣ ከውጭ የሚጮህ ሰው አይደለም። ሰውም እብድ ብሎታል፤ «ጉዱ» የሚለውን የለጠፈበትም ያው ሰው ነው። ያ ሁሉ ንግግሩ ታዲያ ማንን ለወጠ? ፊታውራሪን? ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩአይነትን? አንዳቸውንም። ፊታውራሪ ላይ እምቢ ያሉት ገበሬዎቹ ናቸው፤ ከተለመደው በላይ አምጡ ሲባሉ መሪያቸውን አበጀ በለውን ይዘው ተነሡና ሊወጓቸው የመጡትን ባላባት ማረኩ። እነዚህ ሰዎች የጉዱ ካሳን ትምህርት ቁጭ ብለው አልሰሙም። አንዱ ያውቃል ግን የሚሰማው የለም፣ ሌሎቹ ሳይፈላሰፉ ያደርጉታል። ሐዲስ ይህን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው ራሱ ንግግር ነው፣ ከጉዱ ካሳ ረጅም ንግግር ሁሉ የበለጠ።

ታሪኩን ከዘመኑ ጋር ማያያዝ ከፈለግሽ በልክ አድርጊው። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት በ1957 ነው፣ አብዮቱ የፈነዳው በ1966። ሐዲስ ራሳቸው ደግሞ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ፣ ጣሊያንን የተዋጉ፣ ጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ኋላም በንጉሡ መንግሥት አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። በቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቤቱን የሚተች ሰው ምን እንደሚመስል ከማንም አይማሩትም። ይህን በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ጉዱ ካሳ ላይ ብታነሺው ያምራል። ሁለት ገጽ የሕይወት ታሪክ ከገለበጥሽ ግን ያው የመጀመሪያው ችግር ነው የሚመለሰው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። መጽሐፉን በዓይንሽ ነው ያነበብሽው ወይስ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ? እኔ እስካሁን ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ የምሰማው ወጋየሁን ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ትረካ ያንን ያህል ጠንካራ ነው፤ እሱ ሲያነበው ፊታውራሪ ያስቃሉ። ገጹ ላይ ብቻቸውን ስታገኚያቸው ግን አንዳንዴ የሚያስፈሩ ሰው ናቸው። የቴሌቪዥኑ ድራማም እንዲሁ የራሱ ምርጫ አለው፣ የተዋናዮቹ ፊት ዓይንሽ ላይ ይቀራል። ሁለቱም ግሩም ናቸው፣ ግን ሁለቱም የሌላ ሰው ትንተና ናቸው። አንቺ የመረጥሽውን ቦታ ድምፁን ዘግተሽ አንብቢው። ስለ ስለቱ የሚናገረውን ክፍል፣ ሰብለ ልብስ ቀይራ የምትወጣበትን ክፍል፣ የገበሬዎቹን ክፍል። ሦስቱ ይበቁሻል። ሙሉ መጽሐፉን እንደገና ለማንበብ በአንድ ሳምንት አትሞክሪው።

ምን እንደምል ግልጽ እንዲሆንልሽ፣ ስለ ሰብለ ከጻፍሽው አንዷን መስመር ወስጄ ልሞክራት። ያንቺው፦ «ሰብለ ወንጌል ቆንጆ፣ ጨዋ፣ ታማኝና ቆራጥ ናት።» እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፦

«ሰብለ ወንጌል ፍቅረኛዋን ፍለጋ የምትወጣው በመነኩሴ ልብስ ነው። ልብሱ ሰው እንዳይለያት ነው፤ ግን በዛብህ ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ተስለው ያሰቡለት ሕይወት የሚለብሰው ልብስም ነው። እሱ ከዚያ ስለት መውጣት እየፈለገ ሳይችል ሲቀር፣ እሷ ልብሱን በገዛ እጇ አንስታ ትለብሰዋለች። ከሞቱ በኋላ ደግሞ አታወልቀውም።»

ቆንጆ የሚል የለበትም፣ ታማኝ የሚል የለበትም፣ ቆራጥ የሚልም የለበትም። ግን ታማኝነቷ አልጎደለም። እዚያው ደግሞ ከጭብጡ ጋር ተያይዟል፤ ገጸ ባሕርይ ለብቻ፣ ጭብጥ ለብቻ ብለሽ ርእስ መከፋፈል አላስፈለገሽም። ይህን አትገልብጪብኝ እሺ? መምህርሽም ዓምድ ያነብ ይሆናል።

ለቻትጂፒቲ ስጪው የሚልሽም አይጠፋም። የሚሰጥሽ ያንኑ ጨዋ፣ ታማኝ፣ ቆራጥ ነው፣ በተሻለ ሥርዓተ ነጥብ።

ርዝመቱን ወደ አምስት ገጽ አውርጂው። ከታሪኩ መምህሩ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለሽ እንዲያውቅ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ አንዳንዴ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መጀመሪያው መስመር ላይ የምትከራከሪበትን ነገር አስቀምጪው፣ ሳታፍሪ። «በእኔ ንባብ በዛብህ…» ብለሽ መጀመር ትችያለሽ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያንቺ ነው። ከመጽሐፉ ስትጠቅሺ አጭር አድርገሽ ጥቀሺና ከጥቅሱ በኋላ ዝም አትበይ፣ ለምን እንደጠቀስሽው ተናገሪ። የመጀመሪያው ወረቀትሽ ላይ አራት ረጃጅም ጥቅሶች አሉ፣ ከአንዳቸውም ቀጥሎ ያንቺ ቃል የለም።

ስለ ጓደኞችሽ። በዛብህ ላይ መፍረድ በሐዲስ ላይ መፍረድ አይደለም። ደራሲው በዛብህን ያለ እንከን ሊያደርጉት ቢፈልጉ ይችሉ ነበር፤ እንዲያመነታ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። አንቺን ያናደደሽ ቦታ ላይ እንድትናደጂ ተደርጎ የተጻፈ ሊሆንም ይችላል፣ እሱን ደግሞ መከራከሪያ ልታደርጊው ትችያለሽ።

ከማስረከብሽ በፊት፣ የሚቻል ከሆነ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ፣ መምህሩ ቢሮ ሄደሽ የመጀመሪያዋን አንቀጽ ብቻ አሳዪው። ነጥብ ልትለምኚ እንዳልሄድሽ እንዲገባው ወረቀቱን አውጥተሽ ቀጥታ ጥያቄሽን ጠይቂው፦ «ይህን ብከራከር ከመጽሐፉ የትኛው ክፍል ይቃረነኛል?» በይው። የሚጠቁምሽን ክፍል ጻፊና በዚያው ቀን ማታ አንብቢው።